ግንቡ ላይ የደረቁት

እትዬ ቅጠል የሞቱት ተቀምጠው ነው። ጀርባቸውን ለአሮጌው ግንብ ሰጥተው፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ደረጃ ወጥቶ የደከመው ሰው አረፍ እንደሚል ሆነው ነበር። መጀመሪያ ያያቸው ግንበኛው «እንደምን አደሩ እትዬ» አላቸው። መልስ ሲያጣ «ዛሬ ደግሞ ተኳርፈናል እንዴ?» ብሎ ቀለደና ባልዲውን አስቀምጦ ሥራውን ጀመረ። ጥቂት ከሠራ በኋላ ዞር ሲል ነው፣ አንዲት ዝንብ ጉንጫቸው ላይ አርፋ ማንም እንዳላባረራት ያስተዋለው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፀሐይዋ ግንቡን እስከ ወገቡ አልብሳው ነበር። ይህ ግንብ ድሮ ከተማዋን ከጠላት ይጠብቅ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ጀርባውን ለቤቶች አውሶ ይኖራል። ወደ ላይ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ መደገፊያ የለውም፤ ከመካከሉ በላይ ደግሞ ድንጋዮቹ ተሸራርፈው፣ እግር የሚያርፍበት ቦታ እየተፈለገ ነው የሚወጣው።

«የልብ ነገር ነው» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ራሱ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «በዚህ ዕድሜ ይህን ደረጃ መውጣት ምን የሚሉት ጀብዱ ነው?»

«ከንፈራቸው ለምን ቆሰለ?»

ሃምሳ አለቃው በረዥሙ ተነፈሰ። ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» የሚሏት በከንቱ አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። የአሮጊቷ ከንፈር እሳት እንደነካው ተልጧል። በሹራባቸው ኪስ ውስጥ በመሀረብ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ግንዶች አሉ፤ ልጣጫቸው ተልጦ፣ ጫፋቸው በጥርስ ተነክሶ ጠውልገዋል። ከትከሻቸው አጠገብ ከድንጋዮቹ ስንጥቅ የበቀለ አንድ ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሎቹ ቡናማ ሆነው ተኮማትረዋል። ከእሱ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ግን፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ አበቦች ያሏት ሌላ ቅጠል ጤዛዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ይሄኛው ደርቆ ይቺ ለምን ለመለመች?»

«አረም እኮ ነው፣ እሜቴ። አረም ደስ ሲለው ይደርቃል።»

መሀረቡን አጥፋ ወደ ከረጢቷ ከተተችው።

እትዬ ቅጠል ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መስኮት በሌለው የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ነው። ጡረታ ሲወጡ ሌላው ሰው አልጋው ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ግን እግራቸውን አነሱ። በየግድግዳው ስንጥቅ፣ በየቦዩ ጠርዝ፣ በየጣሪያው አሸንዳ ሳይተከል የሚበቅለውን ሁሉ እየቆሙ ያያሉ። ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ ቅጠል አላቸው። ከአንድ ሴት ልጃቸው ጋር ከግንቡ ፊት ለፊት፣ ልጅቷ መጽሐፍ ከምትጠርዝበት ሱቅ በላይ ባሉ ክፍሎች ይኖሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ።

«የአረም ማጥፊያ መርዝ ነው፤ በውሃ ያልተበረዘ። አፋቸውም ጉሮሯቸውም ተቃጥሏል» አላት።

«መቼ ነው የወሰዱት?»

«ዛሬ አይደለም፤ ትናንትም አይመስለኝም። ይህ ዓይነቱ ወዲያው አይገድልም። ውስጥ ውስጡን እየበላ፣ ሰውየው ቆሞ እየሄደ ይጨርሰዋል።»

ስልኩን ስትዘጋ ሃምሳ አለቃው ደስ ብሎት ገባ። ግንበኛውን ይዞታል። የመርዙ ጀሪካን የተገኘው ከግንቡ ሥር ካለው የሰውየው የዕቃ ቤት ነው፤ ከአሮጊቷ ጋር ሲጨቃጨቅም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«አለቀ» አለ፣ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

«እንግዲያው ላናግረው።»

ግንበኛው ኖራ የበላው ሰፊ እጁን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል።

«መርዙ የኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ማዘጋጃ ቤት ነው የሰጠኝ። ግንቡ ከመጠገኑ በፊት አረሙ ይጥፋ ተባለ።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?»

«እትዬ ለመኑኛ። ዘራቸውን እስኪጥሉ ታገስ አሉኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የመጀመሪያ ቀን ነዋ! በጃንጥላ ሊሉኝ ነበር!» ሳቅ ብሎ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «በኋላ ታረቅን። ለአለቆቼ መርጫው ተበላሽቷል እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ። ደግሞ እንዴት ብዬ እረጫለሁ? እምቧጮዋን እየቀነጠሱ፣ ልክ ልጅ ሆነን እንደምናደርገው ልጣጩን ልጠው ሲቆረጥሙ እያየሁ? ‹እትዬ፣ ፍየል ሆኑ እኮ› እላቸዋለሁ። ‹ፍየል ብሆን ካንተ በተሻለ ደረጃውን እወጣው ነበር› ይሉኛል።»

«እምቧጮ የቱ ነው?»

«የሞቱበት ቦታ አጠገባቸው ያለው ቁጥቋጦ። ያ ኮምጣጣው።»

«ዕቃ ቤቱን ትቆልፈዋለህ?»

«በሽቦ አስረዋለሁ። ግን መርዝ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ በር ለበር ዞሬ ነግሬአለሁ።» አንገቱን ደፋ። «የኔዎቹስ አባታችሁ ሰው ገደለ ሲባሉ ይውሉ ይሆናል።»

ከጣቢያው ወጥታ የሄደችው ግንቡን ተጠግቶ ወደ ተሠራው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቱ ሆዱ የሚቀድመው፣ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ ከትከሻው የማይለይ ሰው ነው። የቤቱ የኋላ ግድግዳ ግንቡ ራሱ ነው።

«ሴትዮዋን አልጠላኋቸውም» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ሐረጋቸውን ነው የጠላሁት። ሥሩ ድንጋዩን ሰንጥቆ መታጠቢያ ክፍሌ ገባ። አንድ እንግዳ ዓይኑ ሳሙና ገብቶበት ፎጣ አገኘሁ ብሎ ቅርንጫፍ ጨበጠ፤ ጩኸቱ እስከ ገበያ ተሰማ።»

«መርዝ ቢያገኙ ይረጩ ነበር?»

«በደስታ! ግን እኔ ብረጭ ከራሴ ጓሮ ነው የምጀምረው። ይምጡና ይዩልኝ።»

ጓሮውን አየችው። እውነትም ጫካ ነው። ሐረጉ እስከ መስኮቱ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ እምቧጮውም፣ ወፍራም ቅጠል ያለው እንዳሁላውም እንደ ልባቸው ይዘናፈላሉ። አንድም የደረቀ ቅጠል የለም።

«እትዬ ከዚህ ሲበሉ አይተው ያውቃሉ?»

«አይቼ? አብልተውኛል እንጂ! ለእንግዶችህ ከቁርስ ጋር አቅርብላቸው ብለው እፍኝ ሙሉ ይዘውልኝ መጡ። ስቀምሰው ፊቴ እንደ ሎሚ ተጨመቀ። እዚህ በር ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።» ፎጣውን ወደ ፊቱ አነሳ፤ የጠረገው ግን ላብ አልነበረም።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከቁም ሣጥን ብዙ አትሰፋም። ሽማግሌው ተነስተው ሊቀበሏት ሲሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ። ጓደኛሞች ነበራችሁ ይሉኛል።»

«ይሉሻል?» ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። «ጡረታ በወጣች ሰሞን እዚህ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከአሸንዳው ሥር ወይን ጠጅ አበባ በቅሎ ነበር። ‹ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ እዚህ ያለው?› አለችኝ። እኔ እዚህች ወንበር ላይ አርጅቻለሁ፤ አንድ ቀን አላየሁትም። አፍሬ ‹ሁልጊዜም አለ› አልኳት። ውሸቴን ስታውቅ ጊዜ ‹እንግዲያው ዛሬ አብረን እንየው› ብላ አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።»

«ከእሳቸው ጋር ግንቡ ላይ ይወጡ ነበር?»

«በዚህ ጉልበት? እኔ ከሥር እቆማለሁ፤ እሷ ከላይ እንደ ራዲዮ ታወራልኛለች። ‹ዛሬ ቢጫዋ ፈካች፤ እንዳሁላው ደወል የመሰለ አበባ አወጣ፤ የድንጋይ ሽበቱ በዝናቡ ብርቱካንማ ሆነ።› አላፊ አግዳሚው ሁለት እብዶች ይለን ነበር። ምንም አልመሰላት። ‹ማንም አልተከላቸውም፣ ማንም አያጠጣቸውም፤ የሚያምሩትም ለማንም ብለው አይደለም። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር ለእኔ የተደወለ ስልክ ያነሳሁ ይመስለኛል› አለችኝ አንድ ቀን።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አሸንዳው ሥር አየት አደረገች።

«እምቧጮውን ይበሉ ነበር አይደል?»

«አፏ መቼ ተለይቶት! ለእኔም ትወረውርልኝ ነበር፤ ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ቀረ እንጂ። ስትወርድ አፏን በመሀረብ ጠርጋ፣ እጇን ምንጩ ላይ ታጥባ ነው ቤቷ የምትገባው።»

«ለምን?»

«ንጹሕ ሴት ናት» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸውን ግን ወደ ሰዓቶቹ መለሱ።

ልጅቷን ያገኘቻት በሥራ ላይ ነው። ፊቷ በልቅሶ አብጧል፤ እጇ ግን ለመጽሐፍ ሽፋን በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ማጣበቂያ ይቀባል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «እጄ ካረፈ የማብድ ይመስለኛል።»

«ሥሪ እህቴ፣ ሥሪ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ተመለከተች። ብሩሹ ሁልጊዜ ከመሀል ይነሳና ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ከመሀል ወደ ጠርዝ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቀለል ብሎ ይነሳል። ሥር የተነጠፈው ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

«እናትሽን አሟቸው ነበር?»

«ጉንፋን ነው አለችኝ። ሾርባ ስሰጣት ትኩስ ነው እያለች ትመልሰዋለች፤ ሎሚ በሙቅ ውሃ ስሰጣት ዓይኗ እንባ ሞላ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ‹ነገ ይሻለኛል› አለች። ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው።»

«እንዲያ ታመው ለምን ወጡ?»

«አበባዎቿ እየደረቁ ነው ብለው ሰዎች ነግረዋት ነበር።» ልጅቷ ብሩሹን ማጣበቂያው ውስጥ ነከረች። «ወይ ራሷ አይታ ይሆናል። እኔ እንጃ። ለእኔ አረም ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱን ከሌላው አልለይም።»

«ግንቡን መውጣታቸውን አልወደድሽውም መሰለኝ።»

«ማን ይወደዋል? በክረምቱ ከተሰበረው ደረጃ ወድቃ እጇን ተሰበረች። እጇ ገና በጀሶ እንደታሰረ ተመልሳ ወጣች! ለመንኳት፤ አለቀስኩባት። አንድ ቀን በሩን ቆለፍኩባት፤ በመስኮት ጎረቤት ጠርታ በመዶሻ አሰበረችው።» ልትስቅ ነው ልታለቅስ አይታወቅም ነበር። «አባቴን በልጅነቴ ነው የቀበርኩት። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? በየማለዳው በዚህ መስኮት ቆሜ ወርዳ እስክትጨርስ ትንፋሼን ይዤ እግሯን እግሯን ብቻ አያለሁ።»

«ከግንቡ ላይ ቅጠል ይበሉ ነበር?»

ብሩሹ ቆመ።

«እናቴ? በፍጹም። ድሮ አንዴ አይቻት ተጣልተናል። ውሻ የሸናበትን፣ የመንገድ ቆሻሻ የጠጣውን እንዴት አፍሽ ታስገቢያለሽ ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ምላልኛለች።»

«በምን ማሉ?»

«በእኔ» አለች ልጅቷ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ደረጃውን ወጣች። ቀስ ብላ፣ እየቆመች። ከሥር ያሉት ደረጃዎች ዳርና ዳር በሕይወት የተሞሉ ናቸው፤ እምቧጮው ቀይ ዘሩን እንደ ጉትቻ አንጠልጥሏል፤ እንዳሁላው ወፍራም ቅጠሉን ለፀሐይ ዘርግቷል። ትናንት በዚህ ስታልፍ ምንም አላየችም ነበር። አሁን ግን ድንጋይና ድንጋይ በሚገናኙበት ሁሉ አንድ ነገር አለ፤ ከጥፍር የማይበልጥ ሰማያዊ አበባ፣ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል፣ በጥላው በኩል እጅ ሲያርፍበት እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ አረንጓዴ። ለምን እንደወጣች ለጥቂት ጊዜ ረሳች።

የተሰበረውን ደረጃ ስታልፍ ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ያለው እምቧጮ ደርቋል። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው እንዳሁላ ደርቋል። ቢጫ አበባ የነበራትም ደርቃለች። በመሀላቸው ያለው ሣርና ጥቃቅኑ አበባ ግን አልተነካም። ከእንዳሁላው አጠገብ ተንበርክካ አንዱን ሰፊ ቅጠል ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ አልተቃጠለም። የተቃጠለው በመስመር በመስመር ነው፤ መስመሮቹ ከመሀል ተነስተው ወደ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይቀጥናሉ።

ቀና ስትል የጠራዧ መስኮት ፊት ለፊቷ ነበር። መስኮቱ ላይ ማንም አልቆመም።

ሁሉም የተሰበሰቡት በመጽሐፍ መጠረዣው ሱቅ፣ በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ግንበኛው እጁ ታስሮ ከሃምሳ አለቃው ጎን ቆሟል። የማረፊያው ባለቤት ለግዝፈቱ የምትበቃ ወንበር አጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ሰዓት ሠሪው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ልጅቷ በእናቷ የቤት ሹራብ ተጠቅልላ የጠረጴዛው ራስጌ ላይ ናት።

«እትዬን የገደላቸው የአረም መርዝ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ወደ አፋቸው የገባው በምግብ ወይም በመጠጥ አይደለም። እምቧጮው ላይ ተቀብቶ ነበር። ከመሞታቸው ከቀናት በፊት፣ ገና ሳይጠወልግ ጠዋት ወጥተው እንደ ልማዳቸው ቀነጠሱት፤ ልጣጩን በጥርሳቸው ሲልጡ መርዙ አፋቸው ገባ፤ ኮምጣጣነቱም ጣዕሙን ደበቀው። የተረፈው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።»

የማረፊያው ባለቤት አፉን በፎጣው ሸፈነ።

«ያው መርዙ የዚህ ሰው ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«መርዙ የእሱ ነው፤ እጁ ግን የእሱ አይደለም። ግንበኛው መርዝ የሚረጨው በመርጫ ነው። መርጫ ደግሞ አይመርጥም፤ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። እዚያ ላይ የደረቁት እየተመረጡ ነው፤ አጠገባቸው ያለው አልተነካም። በብሩሽ ነው የተቀባው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ባለቤቱ። «እኔን አትዩኝ!»

«እርስዎንም አይቻለሁ። አረም የሚጠላ ሰው ከራሱ ጓሮ ይጀምራል፤ የእርስዎ ጓሮ ለምልሟል። እንግዲህ ለምን እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ። ያው እምቧጮ፣ ያው እንዳሁላ ከሥርም አለ፤ ከላይም አለ። የሥሩ ደህና ነው። የደረቀው ከተሰበረው ደረጃ በላይ ያለው ብቻ ነው። ለምን?»

በመስኮቱ ወደ ግንቡ አመለከተች።

«ምክንያቱም ይህን ያደረገው ሰው አበባ አልጠላም። የጠላው ደረጃውን ነው። እትዬን ወደ ላይ የሚያስወጣቸው ነገር እንዳይኖር ፈለገ፤ የሥሩን ተወላቸው፣ መሬት ላይ ቆመው እንዲያዩት። ይህ ሰው እትዬ እንዲሞቱ አልፈለገም። እንዳይወድቁ ነው የፈለገው።»

ሰዓት ሠሪው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔም ፈርቼላቸው ነበር» አለ ግንበኛው በቀስታ። «ሁላችንም።»

«ሁላችሁም። ግን አንተ እምቧጮ ሲበሉ አይተሃል፤ ፍየል ብለሃቸዋል። እኚህ ጌታ ራሳቸው ቀምሰዋል። ጋሼ ለረዥም ጊዜ ተካፍለዋቸዋል። ከሦስታችሁ ማናችሁም እምቧጮውን መርዝ ብትቀቡት አፋቸው እንደሚገባ ታውቃላችሁ። የቀባው ሰው ግን አላወቀም። እኔ የፈለግኩት የሚያውቀውን ሰው አልነበረም፤ የማያውቀውን ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በዚህ ሰፈር እትዬ እምቧጮ እንደሚበሉ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ያ ሰው ብሩሹን ከመሀል ወደ ጠርዝ ይጎትታል፤ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ።»

ልጅቷ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ታያቸዋለች።

«ምላልኛለች» አለች።

«እህቴ…»

«አልበላም ብላ ምላልኛለች። በእኔ።» ከኢንስፔክተሯ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። «ጋሼ፣ እውነት ነው? ትበላ ነበር?»

ሽማግሌው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ለምን ደበቀችኝ?»

«እንዳትቆጪ ብላ ነዋ ልጄ። ሌላ ምን አላት? ‹ስትቆጣ ፊቷ ቁርጥ አባቷን ነው፤ አንጀቴን ትበላኛለች› ትለኝ ነበር። ሆዷን ያመማት ዕለትም ሱቄ ደጃፍ ላይ አግኝቻት ‹ለልጅሽ ንገሪያት› ብላት፣ ‹ከነገርኳት እምቧጮው ነው ብላ ደረጃውን ትከለክለኛለች› አለችኝ። መርዝ መሆኑን ብናውቅማ…» አልጨረሱትም።

ልጅቷ ስታወራ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አንድ ቀን ማታ አየኋት፤ በተሰበረው ደረጃ ላይ እግሯ ሲንሸራተት። ድንጋዩን ያዘች፤ አልወደቀችም። እኔ ግን በመስኮቱ ሳያት የወደቀች መሰለኝ። በነጋታው ገበያ ስትሄድ ከዕቃ ቤቱ መርዙን በማጣበቂያ ዕቃዬ ቀዳሁና ወጥቼ በብሩሼ ቀባኋቸው። ሌሎቹን አልነካሁም። የምትወዳቸውን ለይቼ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ስማቸውን እየነገረችኝ ነው ያደግኩት። አረም ሁሉ ለእኔ አንድ ነው ስልሽ ዋሽቼሻለሁ። ሲደርቁ ታዝንና ትተወዋለች ብዬ ነበር። ትንሽ ታለቅሳለች፤ እኔ አባብላታለሁ አልኩ።»

«መርዝ ነው ሲባል ለምን ዝም አልሽ?» አለ ግንበኛው። ድምፁ ጎርናና ነበር። «እኔ ስታሰርስ? ልጆቼ ደጅ ወጥተው እንዳይጫወቱ ቤት ሲዘጋባቸው?»

«የእኔ መርዝ ሊሆን አይችልም አልኩ። አፏ አታስገባም፣ ምላልኛለች፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ነው አልኩ። ይህን ካላልኩ መተንፈስ አልችልም ነበር።» ወደ እሱ ቀና ለማለት ሞከረችና አቃታት። «አንተ እንዳላደረግከው ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ለዚህ ይቅርታ የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ለሃምሳ አለቃው ጠቀሰችው። ሰንሰለቱ ከግንበኛው እጅ ወለቀ። ግንበኛው የእጁን አንጓ እያሻሸ በቁጣ ወደ በሩ ሄደ፤ ከበሩ ተመለሰ፤ የሚናገረው ጠፋውና እንደገና ሄደ። ሰዓት ሠሪው በዱላቸው ተደግፈው በመከራ ተነሱ፤ ጠረጴዛውን ዞረው ልጅቷ አጠገብ ደረሱና ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ያኔ ነው ጮኻ ያለቀሰችው። የማረፊያው ባለቤት መስማት አልቻለም፤ ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ።

መኪና በጠባቦቹ መንገዶች ስለማይገባ ወደ ጣቢያው የሄዱት በእግር ነው። ሃምሳ አለቃው ሰንሰለቱን አውጥቶ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ ስታየው መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምን ይፈርዱብኛል?» አለች ልጅቷ።

«ዳኛው ያውቃል። እኔ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ የታችኞቹን አበቦች እንደተውሽላቸውም።»

«እሱን ባትናገሪው ይሻላል» አለች። «ያ ነው የበለጠ የሚገድለኝ።»

ከምንጩ አለፍ ሲሉ ልጅቷ በድንገት ቆመች። በመንገዱ ጠርዝ፣ በተሰበረ የቦይ ክዳን ሥር አንዲት ቅጠል ብቅ ብላለች። አበባዋ ከሐምራዊ ወደ ነጭ እየሳሳ የሚሄድ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ እግር ሳይረግጣት እንዴት እንደቆየች አይታወቅም። ልጅቷ ቁጢጥ ብላ አየቻት። ልጅ ሆና ካልሆነ በቀር እንዲህ ቀርባ አይታ አታውቅም።

«ይቺ ማን ናት ስሟ?»

«አላውቅም» አለች ኢንስፔክተሯ። ሃምሳ አለቃውን አየችው፤ እሱም አላውቅም ብሎ ራሱን ወዘወዘ።

«ይቺን አላሳየችኝም። ማታ እማዬን እጠይ…» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ማንም ተነሺ አላላትም። ሰዎች በአጠገባቸው እያለፉ ሄዱ፤ አንዳንዱ ገንዘብ የወደቀባቸው መስሎት መሬቱን አየት እያደረገ። በመጨረሻ ራሷ ተነስታ መንገዱን ቀጠለች። ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ግን በየግድግዳው ሥር እየቆመች ስለነበር ለመድረስ ብዙ ቆዩ።